አራት ፈረስ ጠፍቶብኛል

አገር ይስማልኝ! አራት ፈረስ ጠፍቶብኛል። እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ አሥራ አንድ ነበሩኝ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተቆጠሩና ሰባት ሆኑ። ድሮ ቢሆን አገሬው ተጠርቶ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል፣ አውጫጭኝ ይቀመጣል፣ ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ ገብቶ እራት አይበላም። ዛሬ ግን መጥፋታቸውንም የሌቦቹንም ስም የነገረኝ የገዛ የልጅ ልጄ ነው፤ ያውም እየሳቀ።

«እውነቱን ለመናገር ሰባትም የሞሉት ነፋሱን ትንሽ አብዝቼልህ ነው አባባ» አለኝ።

ፈረሶቹ የሚያድሩት ጋጣ ውስጥ አይደለም፤ ሞተሬ ውስጥ ነው። ቀይ ሆንዳ፣ ሲጂ 125፣ በ1979 ዓ.ም. ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ያነሣኋት። አብሯት የመጣው መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ «11 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 9,000 ዙር» ይላል። መጽሐፉን አይጥ ከበላው ቆይቷል። ያቺን ገጽ ግን ቀድሜ ገንጥዬ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አስቀምጫታለሁ። በሰርግ ይሁን በዕድር፣ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር፣ «የጋሼ ሞተር ስንት ፈረስ ናት?» ያለኝ ሰው መልስ አጥቶ ሄዶ አያውቅም። አሁን ምን ልበል? «ሰባት፤ እሱም በልጅ ልጄ ቸርነት» ልበል?

ልጁ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ድሮ የልጅ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ የአያቱን ጉልበት ይስም ነበር። የዛሬው ይለካል። ገና ቦርሳውን ሳያወርድ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንዲት ምስኪን ሞተር በአራት ጠፍር ተጠፍራ ቆማለች፤ የኋላ ጎማዋ ከባድ የብረት ከበሮ ላይ አርፏል። ሰውየው ነዳጅ ሲሰጣት ጎማዋ ከበሮውን ያሽከረክራል። የከበሮው ክብደት አስቀድሞ ይታወቃል፤ በስንት ሴኮንድ ምን ያህል እንደፈጠነ ኮምፒውተሩ ያያል፣ ከዚያ ይሄን ያህል ፈረስ ብሎ ይፈርዳል። ዳይኖ ይባላል አለኝ። ትጮኻለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጭስ በጭስ ትሆናለች፣ አንድ ስንዝር ግን አትራመድም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ብቻ ነው።

«አዲስ ነገር መስሎህ ነው?» አለኝ ፊቴን አይቶ። «በፈረንጆች 1821 ፕሮኒ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ የሚሽከረከር ዘንግ በእንጨት አጣብቆ ይዞ፣ ሰበቃው የሚገፋውን ክንድ በክብደት እየመዘነ ጉልበት ይለካ ነበር።»

እንግዲህ ይሄ በእኛ ቋንቋ ፍሬን ይዞ ነዳጅ መስጠት ማለት ነው። እኔ በጎልማሳነቴ አንድ ቀን እንዲያ ሳደርግ መካኒኬ አይቶኝ እስከ ሰባት ቤቴ ሰድቦኛል። ፈረንሳዊው ግን ስሙ መጽሐፍ ላይ ወጣለት።

«ዳይኖ ባናገኝም ዳገት አናጣም» አለ ልጁ። እዚህ ላይ እንኳን አልከራከረውም፤ ደሴ ላይ ዳቦ ለመግዛትም ዳገት ይወጣል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ጠቅላላ ክብደታችሁን በኪሎ፣ የዳገቱን ከፍታ በሜትር ታባዛላችሁ፤ ለመውጣት በፈጀባችሁ ሴኮንድ ታካፍላላችሁ፤ የወጣውን ደግሞ ለ75። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ክብደት በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ማንሣት ነውና።

መከራው የመጣው ከክብደቱ ነው። ልጁ «እማማም ከኋላ ትቀመጥ፤ ጭነት ሲበዛ ፍጥነታችሁ ይቀንሳል፣ ነፋስ የሚበላው ያንሳል፣ ስሌቱ ይጠራል» አለ። ሞተሯን እየገፋን ወፍጮ ቤት ሄድን። ሞተሯ ከነቤንዚኗ 105 ኪሎ። እኔ 62። ባለቤቴ «እኔ ምን የገብስ ጆንያ ነኝ!» ብላ እምቢ አለች። እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ ወፍጮውን ትቶ እሷን ማየት ያዘ። በስንት ልመና፣ ዘንቢሏን ለእኔ አስይዛ ወጣች። ልጁ ሚዛኑን አየና ጮኸ፦ «ሰባ አምስት! እማማ ልክ አንድ የፈረስ ጉልበት ናት!»

ሊያስረዳ ሞከረ። በሴኮንድ አንድ ሜትር ከፍ ስትል ማለቴ ነው ምናምን አለ። ማን ሊሰማው! ወፍጮ ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ያለ ቅቤ ሽሮ በላን፤ እኔ ያልተናገርኩት ሰውዬ ጭምር።

ዘንቢሉ 8 ኪሎ። ድምሩ 250። ልጁ ከሰፈራችን በላይ ያለውን አውራ ጎዳና በስልኩ ለክቶ 60 ሜትር ከፍታ ያለው ቁራጭ መረጠ፤ ርዝመቱ 600 ሜትር ይሆናል። ከታች ተንደርድረን ምልክቱ ላይ ስንደርስ ቆጠራ ይጀምራል፣ ከላይ ድንጋዩ ጋ ሲያልቅ እጁን ያወርዳል። በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ጥግ ጠምዝዤ፣ ባለቤቴ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ፣ ሦስት ጊዜ ወጣን። 40 ሴኮንድ። 250 በ60 ሲባዛ 15,000፤ ለ40 ሲካፈል 375፤ ለ75 ሲካፈል አምስት። አምስት ፈረስ! እኔንና ሚስቴን ለማንሣት ብቻ ያ ነው። ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲንከባለል የሚበላውን፣ ነፋሱ ደረቴ ላይ የሚገፋውን ሁለት ፈረስ ብሎ ጨመረልኝ። ሰባት።

ደሜ ፈላ። ለመሆኑ ይሄን ፈረስ መጀመሪያ የቆጠረው ማነው? አልኩ። ጄምስ ዋት ነው አሉኝ። እስኮትላንዳዊ፤ በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር አሻሽሎ ሊሸጥ የተነሣ ሰው። ገዢው ደግሞ ወፍጮውን በፈረስ የሚያሽከረክር ነው፤ «ያንተ ማሽን ስንት ፈረሴን ይተካል?» ብሎ ይጠይቃል። ዋት የወፍጮ ፈረስ ምን ያህል እንደሚጎትት፣ በሰዓት 144 ጊዜ እንደሚዞር አሰበና 33,000 ፓውንድ በደቂቃ አንድ ጫማ ማንሣት አንድ ፈረስ ይባል አለ። ልብ በሉ፣ ነጋዴ ነው የወሰነው። ገበያ ላይ ቁና የያዘ ነጋዴ እንዴት እንደሚሰፍር የማያውቅ አለ? ከዚያም አውሮፓ ተከፋፈለ፤ የእንግሊዙ ፈረስ 746 ዋት፣ የሌላው አገር 736 ዋት። ፈረስ እንኳ ሁለት ዓይነት መስፈሪያ አለው።

ይሄም ሳያንሰኝ ልጁ ቁስሌ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነሰ። በፈረንጆች 1993 ናቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፍ፣ አንድ ደህና የሚጎትት እውነተኛ ፈረስ ለጥቂት ሴኮንድ ሲጥር ወደ 15 የፈረስ ጉልበት ያወጣል ተብሏል። አንዱ! ብቻውን! የእኔ አሥራ አንዱም በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ተሰብስበው አንድ ፈረስ አይሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የጋሪ ፈረስ ሳገኝ ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል።

ወደ ሌቦቹ ልመለስ። ትልቁ ሌባ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደሴ። የተወለድኩባት፣ ልጆቼን የዳርኩባት ከተማ። ሞተር የምትሠራው ቤንዚን በመጠጣት ብቻ አይደለም፤ አየር ትተነፍሳለች፤ ቤንዚኑ የሚነደው ባገኘው አየር ልክ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው አራት እጅ ሦስት እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሬ ገና ሳትነሣ፣ ምንም ሳትበላሽ፣ አሥራ አንዱ ስምንት ከሩብ ይሆናሉ። ለካ እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን የጦሳን ተራራ ቀና ብዬ እያየሁ ስመካ፣ ጦሳ ፈረሶቼን እየበላ ነበር! «የጎደሉት የት ናቸው ታዲያ?» ልጁን ስለው «አሰብ ብትወርድ ሁሉንም ታገኛቸዋለህ» አለኝ። ያለ ፓስፖርት ፈረስ የማይመለስበት ዘመን ላይ ደረስን።

ዳይኖ ያላቸው ሰዎች ግን መላ አላቸው አሉ። ከፍታ ላይ የለኩትን ቁጥር በስሌት ወደ ባሕር ዳርቻ ይመልሱታል፤ እርማት ይሉታል። ወረቀቱ ዘጠኝ ምናምን ይላል፣ ዳገቱ ሰባት ይላል። ለባለሞተሩ ወረቀቱን ይሰጡታል፣ እሱም ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ ግን የምወጣው የሐረጎን ዳገት እንጂ ወረቀት አይደለም።

ሁለተኛው ሌባ እንኳን የታወቀ ነው፤ ደመወዝተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። መጽሐፉ ላይ ያለው አሥራ አንዱ ጥቅል ደመወዝ ነው፤ ከሞተሩ ዘንግ ላይ የተለካ። ጎማው ጋ የሚደርሰው የተጣራው ነው። በመሐል ፍሪሲዮን አለ፣ ማርሽ አለ፣ ካቴና አለ፤ እያንዳንዱ እንደ ግብርና እንደ ጡረታ መዋጮ የድርሻውን ይቆርጣል። ከስምንቱ አንድ የማይሞላ ፈረስ እዚያ ይቀራል። ካቴናው ዘይት ካላየ ደግሞ ዕቁቡንም ይጨምርበታል።

የቀረውን ግማሽ ፈረስ የሰረቀው እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንዲያፍርልኝ አስተዳደጉ ግድ ብሎት። የአየር ፊልትሮዋ የሁለት በጋ አቧራ ይዟል። ብልጭታውን የምትቆርጠው ፑንቲና 0.35 ሚሊሜትር መከፈት ሲገባት ተበልታ ተጣባለች። የቫልቮቹ ክፍተት 0.08 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ከምላጭ ይሳሳል። የእኔው እንደ አሮጌ በር እየተንኳኳ ነበር። እኔ ያንን ድምፅ የሆንዳ ጠባይ ነው ብዬ ለምጄዋለሁ።

ይህችን ሞተር የሠሩት ጃፓኖች ብልሆች ናቸው። በፈረንጆች 1976 ገበያ ላይ ያወጧት፣ በድሃ አገር የሚነዳው ሰው ዘይት አይቀይርም፣ አይፈትሽም፣ ብሎ የሚያስብ መሐንዲስ ሄዶ በዓይኑ አይቶ ከተመለሰ በኋላ ነው ይባላል። ከቫልቮቹ በላይ ካም ተሸክማ በቀጭን ካቴና ከምትንገላታ፣ ዘንግ እየገፋ ቫልቭ የሚከፍትበትን የጥንቱን አሠራር መረጡላት፤ ቸልተኛ ቢያገኛትም እንድትኖር። በሌላ አነጋገር ቶኪዮ ቁጭ ብለው እኔን አስበው ነው የሠሯት። ተሰድቤ እንደሆነ የገባኝ ገና አሁን ነው።

በድሮው መካኒኬ ጊዜ ግን ይሄ ሁሉ ጉድ አልነበረም። ነፍሱን ይማረውና፣ ቁጥር የሚባል ነገር አይወድም። የካቻቪቴውን ጫፍ ሲሊንደሯ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ሚኒሞዋን አንድ ሩብ ያጠብቃል፣ ግማሽ ያላላል፣ እንደገና ይጨፍናል። ክራር ሲቃኝ የምታዩት ይመስላችኋል። «አሁን አምባሰል ላይ ናት፤ ታላዝናለች። ባቲ አደርጋታለሁ» ይላል። ያደርጋታል ደግሞ! ወሎ ተወልዶ ቅኝት ያልገባው መካኒክ ምን ዋጋ አለው?

ካንዴላ ሲያነብም በቡና ነው። ይፈታና ጫፉን ለፀሐይ ያዞረዋል። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ «አቦል ናት፤ ቤንዚን በዝቶባታል» ይላል። ቡናማ ከሆነ «ቶና፤ አትንኳት»። ነጣ ካለ «በረካ ሆናለች፤ ቤንዚን አንሷት እየነደደች ነው፤ ፒስተኗን ሳትበላው ድረስላት»። ልጁ ይሄንን ስነግረው እስቃለሁ ብሎ ጀመረና ዝም አለ። ለካ ዩኒቨርሲቲም የሚያስተምሩት ይሄንኑ ነው፤ ቡናው ብቻ ነው የሌለው። ከፍታ ላይ አየር ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን እንደ ቆላው አድርጎ ይለቃል፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ሁሉም ሞተር አቦል ነው፣ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ ጄት ካልገባለት በቀር።

መካኒኬ ካረፈ በኋላ የገባሁባቸውን ጋራዦች አታንሡብኝ። አንዱ ጋ አንድ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ጄቷ ተደፍናለች» አለና የመጥረጊያ ሽቦ ነቅሎ ጎረጎራት። ፋዘር! እኔ መቼ ነው የወለድኩህ? ጄት ማለት ቀዳዳዋ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትሰፋ የነሐስ ብሎን ናት፤ በልኬት የተበሳች። በሽቦ ጎርጉሮ አሰፋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተሬ እንደ ናፍታ መኪና ስታጨስ፣ ቤንዚን እንደ ጠላ ስትጠጣ ኖራለች። ገንዘብም ተቀብሎኛል።

የሰፈር ጎረምሶች ደግሞ ሌላ ናቸው። ጉልበት የሚለካው በጩኸት ይመስላቸዋል። ማርሚታውን ይቀድዳሉ፣ ውስጡን ያወጣሉ፣ ሌሊት ሌሊት ሕፃን ያስለቅሳሉ። ልጄ፣ ማርሚታ ዝም ብሎ ቆርቆሮ አይደለም፤ ጭሱ እንዴት እንደሚወጣ ታስቦ ነው የተሠራው። ጄቱንም ካርቡራተሩንም ሳትነካ እሱን ብቻ ስትቀድደው ድምፁ ይጨምራል፤ ጉልበቱ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀራል፣ አለዚያም ይቀንሳል። አንዱን ጎረምሳ ይዤ ይሄንን ሳስረዳው «ፋዘር፣ ያንተዋ እኮ አትሰማም» አለኝ። አዎ አትሰማም! ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ጎረቤቶቼ የሚወዱኝ ለምን መስሎሃል?

ብቻ ልጁ እሑድን ሙሉ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቶ ፈታታት። ፊልትሮውን አጠበ፣ ፑንቲናዋን አስተካከለ፣ ቫልቮቹን በስስ የብረት ቅጠል ለካ። የተጎረጎረችውን ጄት ጥሎ ቁጥሯ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለች አዲስ ጄት አገባላት። የካርቡራተሩ መርፌ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀለበት ወደ ላይኛው ቦይ አወጣት፤ ያኔ መርፌው ዝቅ ይላል፣ በመካከለኛው ነዳጅ ላይ የሚፈሰው ቤንዚን ይቀንሳል። ይሄንን የማደርገው እኔ ነኝ ብዬ ነጠቅሁት፤ ጣቴ ተንቀጠቀጠና ቀለበቷ ሣር ውስጥ ገባች። ሦስታችንም ተንበርክከን አንድ ሰዓት ፈለግናት። ያገኘቻት ባለቤቴ ናት። ሽሮው ላይ ቅቤ የተመለሰው ያን ማታ ነው።

ሲመሽ እንደገና ዳገቱን ወጣን። 37 ሴኮንድ። «ግማሽ ፈረስ ተመለሰ!» አለ ልጁ እየዘለለ። ሦስት ሴኮንድ ለማትረፍ አንድ ሙሉ ሰንበት! ይሁን፣ ከዜሮ ይሻላል። ካንዴላዋን ፈታሁ፦ ቶና። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለመካኒኬ ነው።

በማግሥቱ ሰኞ ባቲ ገበያ ነበር፤ ከባለቤቴ ጋር ወረድን። ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ባቲ ስናሽቆለቁል አየሩ እየከበደ፣ እየሞቀ፣ ሞተሬም እየነቃች መጣች። ባቲ ከደሴ በብዙ ዝቅ ትላለች፤ ልጁ በወረቀት አስልቶ «አንድ ፈረስ የማይሞላ ይመለሳል» ብሎ ሰጥቶኛል፤ እኔ ግን ሁለት ነው የተሰማኝ። ገበያው ዳር አቁሜ ካንዴላዋን አየሁ። ነጥታለች። ልጁ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ቆላ ስትወርድ ቶናው በረካ ይሆናል ብሎ። ታዲያ ካቻቪቴዬን አወጣሁ፣ እዚያው ግመል ተራ አጠገብ ካርቡራተሩን ከፈትኩ፣ መርፌዋን አንድ ቦይ ከፍ አደረግኋት፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ባቲን ባቲ ላይ ቃኘኋት። አንድ አፋር ሽማግሌ ቆሞ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ በአድናቆት ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ በርበሬውን፣ ሁለት ዶሮውን፣ የማር ጣሳውን ጭነን ተመለስን። እስከ ኮምቦልቻ ንግሥት ነበረች። ሐረጎን ስንጀምር ግን አንድ ነገር ረስቻለሁ፤ መርፌዋ አሁንም የባቲ ናት። በሁለተኛው እጥፋት ላይ ማጉረምረም ጀመረች። በአራተኛው ላይ ጥቁር ጭስ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው አልፎን ሄደ፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እጁን አውለበለበልን።

«ስንት ቀሩ?» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

«ስድስት ይሆናሉ።»

ትንሽ ዝም አለች። ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ። ከዚያ ሳልነግራት ዘላ ወረደች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከኋላ ሁለት እጇን ጭነቱ ላይ አደረገች።

«ወፍጮ ቤት አንድ ፈረስ ናት ተብዬ የለ?» አለች። «በል ነዳጅ ስጥ፤ ሰባት ሆነናል።»